የማይተረጎመው ይቆለፍ እንጂ አይደበቅ

ዳዶና ለውዝ በእንግሊዝኛ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ሁለቱም «ነት» ይባላሉ፡፡ የመኪና ሞላና የጸደይ ወራትም በአንድ «ስፕሪንግ» ይጠራሉ፡፡ በመለዋወጫ ንግድ የኖረ ነጋዴ ግን በዚህ አይምታታበትም፡፡ ፋክቱር ሲደርሰው ቃሉን ብቻ አያነብምና ነው፡፡ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከቃሉ አጠገብ በተጻፈው የዕቃ ቁጥር፣ በሚሊ ሜትሩና በታሪፍ ቁጥሩ ላይ ነው፡፡ 7318.16 የሚል ካየ ነገሩ ብረት ነው፤ በ08 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የሚበላ ነው፡፡ የታሪፍ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሥርዓቱን በሚከተሉ አገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ፋክቱሩ ከቻይናም ይምጣ ከጣሊያን ንባቡ አይለወጥም፡፡

ይኸው ፋክቱር ለትርጉም ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፡፡ ዛሬ በርካታ የትርጉም ሥራ የሚሠራው በሶፍትዌር ነው፡፡ ሶፍትዌሩ ሰነዱን ተቀብሎ መስመር በመስመር፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይቆራርጠዋል፤ ከዚያም የሚተረጎመውን ከማይተረጎመው ይለያል፡፡ ቁጥር አይተረጎምም፡፡ የሰው ስም፣ የድርጅት ስም፣ የንግድ ምልክት፣ አድራሻ፣ የሂሣብ ቁጥርና ኮድ አይተረጎሙም፡፡ ቀደም ሲል ተተርጉሞ የጸደቀ አንቀጽም ዳግመኛ አይተረጎምም፡፡ እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም፡፡ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፡፡ እነዚህ የማይተረጎሙት ነገሮች ለተርጓሚው ይታዩት ወይስ አይታዩት? ሥራውን የሚያከፋፍለው ወገን ብዙውን ጊዜ «ምን ያደርጉለታል?» ብሎ ያስቀራቸዋል፡፡ ተርጓሚው ዘንድ የሚደርሰው እንግዲህ «ነት» የሚለው ቃል ብቻ ነው፡፡ 7318.16 ኮድ ስለሆነ ተነሥቷል፤ ሚሊ ሜትሩም ቁጥር ስለሆነ ተነሥቷል፡፡ ተርጓሚው ለውዝ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ ለቋንቋ ሰዎች ብቻ የሚተው የሙያ ጭቅጭቅ ቢመስልም አይደለም፡፡ ሒሳቡ የሚወራረደው በነጋዴው ኪስ ነው፡፡

በአራዳ ትርጉም የቆየ ሥራ ነው፡፡ ሰፈሩ ራሱ ስሙን የያዘው ሳይተረጎም ከቀረ ቃል ነው፡፡ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአራዳን መሐል «ፒያሳ» አሉት፤ አደባባይ ማለታቸው ነው፡፡ ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው «መርካቶ» አሉት፤ ገበያ ማለታቸው ነው፡፡ ሁለቱንም የተረጎማቸው የለም፡፡ ዳዶው፣ ብሎኑ፣ ሮንዴላው፣ ካንዴላውና ፍሪሲዮኑም ከዚያው ቋንቋ መጥተው ሳይተረጎሙ ቀርተዋል፤ መካኒክ ሁሉ ይግባባባቸዋል፡፡

በማዘጋጃ ቤቱና በፍርድ ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ በታይፕ የሚመቱና የሚተረጉሙ ሰዎች ለረጅም ዘመን ሠርተዋል፡፡ የታይፕ መኪናው በኮምፒዩተር ተተካ፡፡ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ከቦታው የተነሣው የንግድ ቤት ጥቂት አይደለም፡፡ የአሮጌው ትርጉም ቤት አሠራር ግን ሊጤን ይገባዋል፡፡ ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፡፡ ተርጓሚው ወረቀቱን ከግራ አስቀምጦ ከቀኝ ይጽፋል፡፡ ዋጋው በገጽ ነው፡፡ ስሙም፣ ቁጥሩም፣ ማህተሙም በዚያው ገጽ ላይ ስላሉ ለተርጓሚው የሚደበቅበት ምንም ነገር የለም፡፡ እንዲያውም በትርጉሙ ግርጌ «ክብ ማህተም አለው»፣ «የማይነበብ ፊርማ አለው» ብሎ ይጽፋል፡፡ ፊርማ እንዴት ይተረጎማል? አይተረጎምም፡፡ መኖሩን ግን አይቷል፤ ማየቱንም መስክሯል፡፡

ይህ ልማድ ከፍ ባለ ደረጃ የሚታየው በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፡፡ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ይህ ጋዜጣ፣ ዛሬም አራት ኪሎ ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲወጣ፣ አማርኛውን በአንድ ዓምድ እንግሊዝኛውን በሌላ ዓምድ ጎን ለጎን ይዞ ነው፡፡ የአንቀጽ ቁጥሩ በሁለቱም ዓምድ አለ፡፡ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፡፡ ይህን ለማለት የሚቻለው ግን ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚታዩ ነው፤ ልዩነቱን ጠበቃውም ነጋዴውም በዐይኑ አይቶ ይከራከራል፡፡

ሦስተኛው ዓምድ ሲጎድል የሚሆነውንም አገሪቱ ታውቀዋለች፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች መጀመሪያ የተረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀምረውት እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨርሰውታል፡፡ በጋዜጣው የወጡት ግን አማርኛና እንግሊዝኛው ብቻ ናቸው፡፡ ፈረንሳይኛው ሕግ አይደለምና አልታተመም፤ ልክም ነው፡፡ ይሁንና አማርኛውና እንግሊዝኛው ሳይገጥሙ በቀሩባቸው አንቀጾች ላይ፣ አርቃቂው ምን ማለቱ እንደነበር ለማወቅ የሕግ ምሁራን ፈረንሳይኛውን ፍለጋ ሲወጡ ኖረዋል፡፡ ከንግድ ሕጉ ውስጥ የነጋዴዎች፣ የንግድ ማኅበራትና የኪሣራ ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተኩም፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ ፍለጋውም አልቆመም፡፡

ስለ ትርጉም ጣጣ ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 መሮጡ አይቀርም፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ላይ ቆሟል፡፡ ግን የውጫሌው ጉዳይ ሌላ ነው፡፡ እዚያ ሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ ነገር ይናገሩ ነበር፡፡ እዚህ የተያዘው ጉዳይ ያነሰና የዕለት ተዕለት ነው፤ ማንም ማንንም ሊያታልል ሳያስብ፣ አንድ ሶፍትዌር ያስቀረው አንድ መስመር የሚያደርሰው ጉዳት ነው፡፡

ከቀን እንጀመር፡፡ 05/01/2017 ለሶፍትዌሩ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አይተረጎምም፤ እንዳለ ይገለበጣል፡፡ ይህ ቀን በአገራችን አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2017 ከሆነ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው፡፡ የአውሮፓ ጽሑፍ ከሆነ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017፣ የአሜሪካ ከሆነ ሜይ 1 ቀን 2017 ነው፡፡ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይርቃል፡፡ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለው የድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ ወይም ከቀኑ ጎን የተጻፈው «ዓ.ም.» ነው፡፡ ራስጌው «የማይተረጎም» ተብሎ ከተነሣ ተርጓሚው በምን ይለየው? ውል የሚያልቅበት፣ ዋስትና የሚቃጠልበት፣ ይርጋ የሚቆጠርበት ቀን ነው እኮ የተያዘው፡፡

ሰዓትም እንደዚያው ነው፡፡ የእንግሊዝኛ የጨረታ ሰነድ «ሳጥኑ በ10:00 ይዘጋል» ቢልና 10:00 ብቻውን ሳይነካ ወደ አማርኛው ቢሻገር፣ ያገሬ ሰው የሚመጣው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሳጥኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተዘግቷል፡፡ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ጨረታ የሚያሸንፍ የለም፡፡ የገንዘብ አኃዝም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፡፡ የጣሊያን ወይም የጀርመን ፋብሪካ 12.500 ብሎ ሲጽፍ ዐሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ማለቱ ነው፤ ነጥቡ በእነርሱ የሺህ ምልክት ነው፡፡ እዚህ ግን ነጥብ የሳንቲም ነው፡፡ ላኪው ማን እንደሆነ ያላየ ተርጓሚ ዐሥራ ሁለት ዩሮ ከሃምሳ ሳንቲም ብሎ ቢያልፈው አይገርምም፡፡

የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፡፡ በእንግሊዝኛ «ጥያቄውን አጽድቋል» ለማለት ወንድም ቢሆን ሴትም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን ምንዝርም ቢሆን ግሡ ያው ነው፡፡ በአማርኛ «አጽድቋል»፣ «አጽድቃለች»፣ «አጽድቀዋል» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አይቻልም፡፡ መራጩ ደግሞ ስሙ ነው፡፡ ወይዘሮ አልማዝ ወይስ አቶ ከበደ? ስሙ «አይተረጎምም» ተብሎ በባዶ ሳጥን ሲተካ፣ ተርጓሚው ሁሉንም ሰው ወንድ ያደርገዋል፤ ወይም ባንክ ለደንበኛው «አንተ» እያለ መልእክት እንዲልክ ያደርጋል፡፡ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ነጋዴ ከባንካቸው «ሂሳብህ ተቀንሷል» የሚል መልእክት በስልካቸው ቢደርሳቸው ምን ይላሉ? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብርን የመሳሰሉ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ተስፋፍተው ገንዘብ በመልእክት በሚንቀሳቀስበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

የቃል ቅደም ተከተሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፡፡ አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ይወስዳል፤ «ለ» እና «ን» ደግሞ ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ፡፡ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር መሐሉ ላይ የድርጅት ስም ስላለው ሶፍትዌሩ ስሙን አውጥቶ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል እንበል፡፡ ተርጓሚው ፊት አንድ ቦታ «ክፍያ ለ»፣ ሌላ ቦታ «ተቀባይነት አላገኘም» የሚሉ ሁለት ስብርባሪዎች ይቀርቡለታል፡፡ በመካከላቸው ስም እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ ነገር አስመስሎ ይተረጉመዋል፡፡ በሕዝብ ስልክ ላይ የሚነበበው ግራ የሚያጋባ አማርኛ ሁሉ የተርጓሚው ድንቁርና ተደርጎ መቆጠሩ አግባብ አይደለም፡፡ ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው፡፡

አሁን ደግሞ የአክሲዮን ሰዎች ወደሚያውቁት እንምጣ፡፡ «ሼር» በስልክ መተግበሪያ ላይ «አጋራ» ነው፤ በኩባንያ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ «አክሲዮን» ነው፡፡ «ሴኩሪቲ» በሆቴል በር ላይ ጥበቃ፣ በብድር ውል ላይ ዋስትና፣ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ነው፡፡ «ኢሹ» ጉዳይም ነው፣ የጋዜጣ እትምም ነው፣ አክሲዮን ለሽያጭ ማውጣትም ነው፡፡ «ኢንተረስት» ወለድ ነው፤ ፍላጎትም ነው፤ ጥቅምም ነው፡፡ «ድራፍት» ረቂቅ ነው፣ የባንክ ሰነድ ነው፣ ፒያሳ ለሚዝናና ሰው ደግሞ በብርጭቆ የሚቀዳ ቢራ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአማርኛ የሚነበብ የአክሲዮን ሽያጭ ሰነድ እየበዛ መሄዱ አይቀርም፡፡ በሠንጠረዥ ውስጥ «ኢሹ ፕራይስ» ከሚለው ጎን ባለ ዐሥራ ሁለት ሆሄ የሰነዱ ዓለም አቀፍ መለያ ቢታይ፣ የገባው ተርጓሚ ወዲያው ነገሩ የአክሲዮን ዋጋ መሆኑን ይረዳል፡፡ መለያው ተደብቆ ሁለቱ ቃላት ብቻቸውን ከቀረቡለት «የጉዳዩ ዋጋ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፡፡ ቁጠባውን አፍስሶ አክሲዮን የሚገዛው ሰው የሚያነበው ይህን ነው፡፡

ለመሆኑ ስሕተቱ ሲደርስ ተጠያቂው ማነው? ኤል ሲ የሚከፍት አስመጪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፡፡ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበትና በተለምዶ «ዩ ሲ ፒ 600» የሚባለው የኤል ሲ ደንብ በአንቀጽ 35 ላይ፣ ባንክ በሙያ ቃላት ትርጉም ወይም አተረጓጎም ላይ ለሚደርስ ስሕተት ኃላፊነት እንደሌለበት፣ የኤል ሲውንም ቃል ሳይተረጉም ማስተላለፍ እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ ያው ደንብ ባንኩ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን እንዳልሆነ፣ በሰነዶቹ መካከልም የሚጋጭ ነገር መኖር እንደሌለበት ይናገራል፡፡ ለምርመራው ያለው ጊዜ ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን ነው፡፡ ባንኩ እጁን ታጥቧል፡፡ ሶፍትዌር ሻጩም በፈቃድ ውሉ ውስጥ ኃላፊነቱን የሚገድብ አንቀጽ ማስገባቱ የታወቀ ነው፡፡ የትርጉም ድርጅቱ «በተሰጠኝ ጽሑፍ መሠረት» ይላል፡፡ ወደብ ላይ ለቆመው ኮንቴይነር የሚከፍለው አስመጪው ነው፡፡

የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ገበያ መር ሥርዓት ከዞረ፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360ም ለውጭ ባንኮች በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ በሁለት ቋንቋ የሚዘዋወረው ወረቀት የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም፡፡

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን ይደበቃል? ሦስት ምክንያቶች ይሰጣሉ፡፡ የመጀመሪያው ብዙም በአፍ አይነገርም፤ እርሱም ገንዘብ ነው፡፡ የውጭ አገር የትርጉም ድርጅቶች የሚከፍሉት በቃል ነው፡፡ አንድ ፋይል 10,000 ቃል ይዞ ቢመጣና ሶፍትዌሩ ስሙንና ቁጥሩን፣ ኮዱንና ቀድሞ የተተረጎመውን ቢቀንስ፣ የሚከፈልበት ምናልባት 3,000 ይሆናል፡፡ የቀረው 7,000 ቃል ፋይሉ ውስጥ ከታየ ተርጓሚው «ይህንንም አንብቤዋለሁ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ስለዚህ አለማሳየት ይቀላል፡፡ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለባሕር ማዶ ድርጅት የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፤ የሚላክለት ራስና ግርጌ የሌለው የቃላት ዝርዝር ነው፡፡ የፒያሳው ትርጉም ቤት በገጽ ማስከፈሉ ኋላ ቀር አሠራር ይመስል ነበር፡፡ ሲታይ ግን ማንበብንም ጨምሮ ያስከፍላል፤ ተርጓሚው ማህተሙን ስላየ ማንም ቅር አይለውም፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ምስጢር ነው፤ ይህኛው ሚዛን የሚደፋ ነው፡፡ የደንበኛ ስም፣ የሂሣብ ቁጥር፣ የደመወዝ መጠን ለማያውቁት ተርጓሚ መታየት የለበትም የሚል ወገን እውነት አለው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከጎኑ ይቆማል፡፡ ግን ምስጢር መጠበቅና ዐውድን ማጥፋት አንድ አይደሉም፡፡ በስሙ ምትክ «የሴት ስም»፣ በቁጥሩ ምትክ «የገንዘብ መጠን፣ በዶላር»፣ በአድራሻው ምትክ «በጀርመን የሚገኝ ኩባንያ» የሚል መግለጫ ቢቀመጥ፣ ምስጢሩም ይጠበቃል ተርጓሚውም ግሡን ያገኛል፡፡ ይህን ለማድረግ የሚፈጀው የአንድ ሰው ጥቂት ሰዓት ነው፡፡ ሰነፍ ድርጅት ግን በምስጢር ስም ሁሉንም ጠርጎ ያወጣዋል፡፡

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ «ከታየው ይነካዋል» የሚል፡፡ ተርጓሚ ሳያስበው አንድ ዜሮ ሊያጠፋ፣ የሂሣብ ቁጥር ሊያዘበራርቅ ይችላል፡፡ ይህ በታይፕ ዘመን እውነት ነበር፡፡ ዛሬ ግን መልስ አለው፤ መቆለፍ ይባላል፡፡ በገበያው ላይ ያሉት ታዋቂ ሶፍትዌሮች፣ ከአንጋፋው ትራዶስ ጀምሮ በነፃ እስከሚታደለው ኦሜጋ ቲ ድረስ፣ የተቀሩትን መስመሮች በቅደም ተከተላቸው ለተርጓሚው ያሳያሉ፤ እንደ ትራዶስ ባሉት ደግሞ የማይነካው ቁራጭ ከነቁልፉ እዚያው እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይነበባል፣ አይለወጥም፡፡ በሶፍትዌሮች መካከል ሥራ ለማዘዋወር የሚያገለግለው «ኤክስሊፍ» የተባለው የፋይል ዓይነትም፣ ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ከጸደቀው 1.2 እትሙ ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «ይህ አይተረጎምም» የሚል ምልክት ለማድረግ ቦታ አለው፡፡ ቁራጩን ማውጣት አያስፈልግም፤ ምልክት ተደርጎበት እዚያው ሊቀመጥ ይችላል፡፡ እንግዲህ ችግሩ የመሣሪያ እጥረት አይደለም፡፡ ፋይሉን የሚያዘጋጀው ሰው «አስወግድ» ከሚለው ይልቅ «ቆልፍ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፡፡

ይህ ሲባል ሁሉም ይታይ ማለት አይደለም፡፡ ከ300 ገጽ የማሽን መመሪያ ውስጥ ዐሥር መስመር ብቻ ከተለወጠ 300ውንም ገጽ ተርጓሚው ላይ መከመር ቅጣት ነው፡፡ ከተለወጠው መስመር በላይና በታች ያሉት ጥቂት መስመሮች፣ የምዕራፉ ርእስና ሥዕሉ ይበቃሉ፡፡ የኮምፒዩተር ትእዛዝ የሆነ፣ ለሰው ዐይን ትርጉም የሌለው ምልክትም ቢቀር ጉዳት የለውም፡፡

የኮምፒዩተር ትርጉምም ከዚህ አያድንም፡፡ የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ነው፡፡ በነፃ ስለሆነ ዛሬ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያና ወደ ቢጤዎቹ ነው፡፡ መሣሪያው ያገኘውን ነው የሚተረጉመው፤ «ነት» ብቻ ከሰጡት ከሰው የተሻለ ነገር የሚያውቅበት ምክንያት የለም፡፡ «አራዳ» የሚለውን ቃል እንኳ የክፍለ ከተማ ስም ይሁን ወይስ ብልጥ ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ሳያይ የሚለይ ማሽን ገና አልተፈጠረም፤ ሰውም ቢሆን አይለየውም፡፡

በሶፍትዌር ላይ ይህን ያህል ከተባለ ስለ ደንበኛውም መናገር ያስፈልጋል፡፡ ብዙ ነጋዴ ሶፍትዌሩ የሚሠራውን ጥፋት በገዛ እጁ ይሠራዋል፡፡ ዐሥራ ሁለት ገጽ ያለውን ውል ይዞ «ይህቺን አንቀጽ ብቻ ተርጉምልኝ» ይላል፤ የገጽ ዋጋ ለመቆጠብ ነው፡፡ ከዚያም ብሶ አንዲት አንቀጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚልክ አለ፡፡ አንቀጹ «ሻጩ» እያለ የሚጠራው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ገንዘቡ በምን ምንዛሪ እንደሆነ በሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ «ቀን» ሲባል የሥራ ቀን ይሁን የተቈጠረ ቀን በትርጓሜው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፡፡ ተርጓሚው ከእነዚህ አንዱንም አላየም፡፡ ጥቂት መቶ ብር የተረፈው ሰው በሚሊዮን የሚቆጠረውን ውሉን በግምት አስተረጎመ ማለት ነው፡፡ የቀሩትን ገጾች እንዲተረጎሙለት ባይፈልግ እንኳ እንዲታዩ መስጠት ይችል ነበር፤ ለማየት ገጽ የሚያስከፍል ትርጉም ቤት ብዙ አይደለም፡፡

ስምን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ ሁለት ፊት አለው፡፡ ስም አይተረጎምም፣ ግን ከላቲን ወደ ፊደል ይገለበጣል፡፡ ከውጭ የመጣ የውክልና ሰነድ ላይ «ሀይሉ» የሚለው በላቲን ተጽፎ ሲመጣ፣ በ«ኃ» ይጻፍ በ«ሀ» ወይስ በ«ሐ» የሚለው በሰውየው ንግድ ፈቃድና የባንክ ደብተር ላይ ባለው አጻጻፍ ነው የሚወሰነው፡፡ በአንድ ሆሄ ልዩነት መስኮት ላይ የተመለሰ ባለጉዳይ አራዳ ውስጥ ሞልቷል፡፡ የንግድ ፈቃዱ ቅጂ ከሰነዱ ጋር ተያይዞ፣ ሳይተረጎም፣ ለተርጓሚው ቢታይ ኖሮ ምልልሱ አይኖርም ነበር፡፡

ከትርጉም ድርጅት ጋር የሚዋዋል ኩባንያ፣ ባንክም ይሁን አስመጪ ወይም አክሲዮን ሻጭ፣ በውሉ ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ወጪው የሚታይ አይሆንም፡፡ አንደኛው፣ የማይተረጎመው ጽሑፍ ተቆልፎ በቦታው ለተርጓሚው እንዲታይ፣ ምስጢር የሆነውም ዓይነቱ በሚገልጽ ቃል ተተክቶ እንዲቀመጥ፡፡ ሁለተኛው፣ ለሚነበበው ግን ለማይተረጎመው ቃል አነስተኛ የንባብ ዋጋ እንዲታሰብ፡፡ ስንት ይሁን የሚለው ለድርድር የሚቀር ነው፤ ከትርጉሙ ዋጋ ዐሥር በመቶ ቢሆን እንኳ፣ ከላይ በተጠቀሰው የ10,000 ቃል ፋይል ላይ የ700 ቃል ክፍያ ብቻ ነው የሚጨምረው፡፡ አንድ ኮንቴይነር በተሳሳተ ዲክላራሲዮን ምክንያት ወደብ ላይ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስመጪው ትራንዚተሩን ጠይቆ ማወዳደር ይችላል፡፡